ለነርሶቼ፦ እጃችሁ ይባረክ

ከፈጣሪ በታች ለዛሬ ያበቃችሁኝ የነርቭ ክፍልና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስማችን አይነሳ ስላላችሁኝ ስም አልጠራም። የሠራችሁትን ግን ሰው ይወቅልኝ።

የያዘኝ በሽታ ጊያን ባሬ ሲንድረም ይባላል። የሰውነት መከላከያ ከጀርም ጋር ሲዋጋ ይሳሳትና የራስን ነርቭ ያጠቃል። እኔን የጀመረኝ ከተቅማጥ በኋላ ነው። መጀመሪያ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ፤ ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከዚያ እጄ። አብዛኛው ታማሚ ቀስ በቀስ ያገግማል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ጭንቁ እስከዚያ በሕይወት መቆየቱ ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው በእናንተ እጅ ያለ ሥራ ነው።

ጠያቂዎቼ «ነርሶቹ ደጎች ነበሩ?» ይሉኛል። ደግነታችሁማ ምን ይወራል! እኔ ግን ከሁሉ በላይ አዋቂዎች ናችሁ ማለት እፈልጋለሁ።

የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበርሽው ሲስተር፣ «እስቲ በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪልኝ» ስትይኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ማታ 20ን አለፍኩ። እኩለ ሌሊት ላይ 12 ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። እኔ ደህና ነኝ አልኩሽ። ጣቴ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያም ደህና ናት ይል ነበር። አንቺ ግን የመተንፈሻ ጡንቻዬ እየደከመ መሆኑን ከቆጠራዬ ለይተሽ ሐኪሙን ሮጠሽ ጠራሽው። ቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽን፣ የገባልኝ ታፍኜ በጥድፊያ ሳይሆን፣ ተረጋግተው ሠርተውልኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ወደ ላይና ወደ ታች ከማንቀሳቀስ በቀር ምንም አልቀረልኝም። ያኔ ብራዘር፣ አንተ ፊደል ገበታ ይዘህ መጣህ። ወደ ላይ ካየሁ አዎ፣ ወደ ታች ካየሁ አይደለም። «ሀ፣ ለ፣ መ…» እያልክ ትወርዳለህ፤ የፈለግሁት ጋ ስትደርስ ወደ ላይ አያለሁ። ከዚያ ደግሞ «ግዕዝ? ካዕብ? ሣልስ?» እያልክ ወደ ጎን ትሄዳለህ። መጀመሪያ የጻፍኩልህ ቃል «እግሬ» ነው። «ያምሻል እንዴ?» አልከኝ። ወደ ላይ አየሁ። ብዙ ሰው የማይንቀሳቀስ እግር የማያም ይመስለዋል። በዚህ በሽታ ግን ሕመሙ ክፉ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ወዲያው ማስታገሻ አሳዘዝክልኝ፤ ጉልበቴንም አጠፍ አድርገህ ከሥሩ ትራስ አደረግክልኝ። እንባዬ የመጣው ከሕመሙ ይልቅ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ነበር።

በየ2 ሰዓቱ ታገላብጡኛላችሁ። ተረከዜ አልጋውን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጋቢ አጥፋችሁ ታነጥፉልኛላችሁ። ዓይኔ አልከደን ስላለ ቅባት አድርጋችሁ፣ ማታ ማታ በፕላስተር ትከድኑልኛላችሁ። በአፍንጫዬ በገባው ቱቦ ስትመግቡኝ አልጋውን ከራስጌ ቀና ታደርጋላችሁ። አክታ በሰክሽን ስትስቡልኝ ዓይናችሁ ከሞኒተሩ አይነቀልም፤ በዚህ በሽታ የልብ ምት ያኔ ድንገት ሊወርድ እንደሚችል ታውቃላችሁና። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቼ አንዲት የአልጋ ቁስል ሳይወጣብኝ ወጣሁ።

ደግሞ ምንም ነገር ሳትነግሩኝ አትነኩኝም ነበር። «አሁን በግራ ጎንሽ ላዞርሽ ነው» ትሉኛላችሁ። አንድ ቀን ጠያቂዎች አልጋዬ አጠገብ ሆነው «ይቺማ አትተርፍም» ሲሉ፣ ሲስተር «ትሰማለች! ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ» ብለሽ ያስወጣሻቸውን አልረሳውም። እውነትም ሁሉንም እሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ታማሚ ቤታችሁ ወይም ሆስፒታል ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አጠገቡ የምትናገሩትን ምረጡ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰፈሩ አውሩለት።

ሐኪሞቼ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ለተባለው ውድ መድኃኒት ገንዘብ ያዋጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼና የዕድራችን አባላት፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ወንድሜ፣ ያስታመምከኝ፣ ለአንተ ቃል የለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ነርሶቼ በአንድ የሌሊት ተራ ስንቱን ታማሚ እንደሚይዙ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደኔ ዓይነቱን ታማሚ ለማገላበጥ ብቻ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ሰው ጨምሩላቸው፤ የነርቭ ሕሙማን እንክብካቤ ሥልጠናም እንዲያገኙ አድርጉ።

አሁን በመደገፊያ ጓሮዬን እዞራለሁ። የቀኝ እጄ ጣቶች ገና አልጠነከሩም፤ ይህን የጻፍኩት በግራዬ ነው። ደረጃ መውጣት እንደቻልኩ ቡናና ዳቦ ይዤ ክፍላችሁ እመጣለሁ። እስከዚያው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።