አዲስ ተውኔት ስትጠቁሙን የተዋናዩን ቁጥርም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች

አዲስ ተውኔት መድረክ በወጣ ቁጥር የጥበብ ገጻችሁ ስለሚያስተዋውቅ እናመሰግናለን። ጎንደር ውስጥ ላለ የቴአትር ክበብ ግን ከጽሑፉ የሚጎድል ነገር አለ። ታሪኩ ይተረካል፣ ማን ማንን ሆኖ እንደተጫወተ ይነገራል፣ በምርቃቱ ዕለት የተገኙት እንግዶች ይዘረዘራሉ። ስንት ተዋናይ እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መድረኩ ስንት ጊዜ እንደሚቀያየርና ፈቃዱ ከማን እንደሚጠየቅ ግን አይጻፍም። አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ይህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ቲኬት ቆርጦ ይገባል። እዚህ ያለው ክበብ ግን ተውኔቱን ራሱ ካልሠራው አያየውም። እነዚህን አራት ነገሮች ስለማያውቅ ወደለመዳቸው የድሮ ተውኔቶች ይመለሳል፣ ወይም ከቴሌቪዥን የተቀዳ ጭውውት ይሠራል። በሕይወት ያሉት ደራስያን ሥራም ከዋና ከተማው ሳይወጣ ይቀራል።

በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን እንውሰድ። ለአነስተኛ ክበብ እንዲህ ዓይነት የአንድ ሰው ተውኔት ከሁሉ በፊት ሊጠቆም ይገባዋል። የሚገነባ መድረክ የለውም፣ ጓዙ አንድ ባጃጅ አይሞላም። ችግሩ ያለው ትወናው ላይ ነው። ግሩምን ብዙ ሰው ስላየው ጀማሪው ተዋናይ ጽሑፉን ትቶ ግሩምን ያጠናል፤ ድምፁን፣ አረማመዱን፣ ዝም የሚልበትን ቦታ ሳይቀር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቪዲዮ አይታይ፤ ጽሑፉ ብቻ ይነበብ። በየአንቀጹ ኅዳግ ላይም ገጸ ባሕርዩ ለማን እንደሚናገር በእርሳስ ይጻፍ፦ ለተመልካቹ ነው? ለራሱ? ወይስ እዚያ ለሌለ ሰው? የብቻ ትወና ተመልካችን የሚያሰለቸው በአብዛኛው ይህ ሲምታታ ነው። ቃል ቢጠፋበት የሚያወጣው የመድረክ ባልደረባ ስለሌለም ጽሑፉን የያዘ አስታዋሽ ፊት ረድፍ ላይ ይቀመጥለት፤ ከመጋረጃ ጀርባ ከሆነ አይሰማም።

በዚህ ላይ ጎንደር የቅኔ አገር ናት። እዚህ ተመልካቹ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያወጣ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳቁም ዘግይቶ ይመጣል። ተዋናዩ «አልሳቁልኝም» ብሎ ሲጣደፍ ሳቁ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ላይ ይወድቅና ሁለቱም ይበላሻሉ። ሰምና ወርቅ ከያዘው ኅብረ ቃል በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ወስዶ መጠበቅ ነው። በግጥም በተጻፈ ተውኔት ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያስቸግረው፤ ቤት በመታ ቁጥር ይቆሙና ሐሳቡን ይቆራርጡታል። ልምምድ ላይ ግጥሙን እንደ ስድ ንባብ አያይዞ በአንድ መስመር መጻፍ ይህን ልማድ ያስጥላል።

የሳሎን ኮሜዲ ሌላው ለክበብ የሚሆን ዓይነት ነው። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት መታየቱ ሰው ይህን ዓይነት ተውኔት እንደሚወድ ያሳያል። ሶፋው ከሰው ቤት ተለምኖ ይመጣል፤ አስቸጋሪው በሩ ነው። በጨርቅ የተሠራ በር ሲዘጋ ግድግዳው ሁሉ ይርገበገባል፣ ተመልካቹም በንግግሩ ፈንታ በግድግዳው ይስቃል። የበሩን ክፈፍ በእንጨት ሠርቶ ከጀርባው በሰያፍ መደገፍ፣ በድጋፉ እግር ላይም አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ለምርቃቱ ዋዜማ የሚተው አይደለም፤ ተዋናዮቹ በበሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሊለማመዱበት ይገባል።

ታሪካዊ ተውኔት ላይ ጠንቀቅ እንበል። ጌትነት እንየው የጻፈው «የቴዎድሮስ ራዕይ» እዚህ ቢታይ ከየትም በላይ የሚያነጋግር ይመስለናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነዋል፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተዋል። የጎንደር ተመልካች ፍቅሩንም ቁስሉንም ይዞ ነው የሚገባው። ነገር ግን ለብሔራዊ ቴአትር መድረክ የተሰናዳን ሥራ በአነስተኛ አዳራሽ ልንገለብጥ ብንል ጎራዴው ከቆርቆሮ፣ ካባው ከመጋረጃ ይሆንና ንጉሡ መሳቂያ ይሆናሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተውኔት የንባብ ቴአትር፣ ማለትም ጽሑፉን በእጅ ይዞ እያነበቡ ማቅረብ የተሻለ ነው። ስምንት አንባቢ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንዱ የመድረክ መመሪያውን ያነባል፣ አንድ ማሲንቆ ትዕይንቶቹን ያያይዛል። ጽሑፉ በ14 ቁጥር ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ይታተም። አንባቢው የገጹን የመጨረሻ መስመር በቃሉ ከያዘ፣ ወረቀቱን ሲገልጥ ዓይኑ ከተመልካቹ አይነቀልም።

ርዝመቱን መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግም እናስረዳ። እዚህ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት 8:00 ላይ ካልተጀመረ፣ በመሸ ጊዜ የትራንስፖርት ሐሳብ ስላለበት ሰው ሳያልቅ እየተነሣ ይወጣል። ክበቡ ራሱ ለመገመት ከፈለገ ሰዓት ይዞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያንብብና ለእንቅስቃሴና ለሳቅ አንድ አራተኛ ይጨምር። በክረምት ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ ምንም ድምፅ አይሰማምና ለምርቃት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉን መግዛት መድረክ ላይ ለማሳየት መብት አይሰጥም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ለሕዝብ የማቅረብ መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃውም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የት እንደሚታይ፣ ከመግቢያው ገቢ ለደራሲው ስንት እጅ እንደሚደርሰው፣ ቃለ ተውኔቱን መቀነስ ወይም ወደ አካባቢው አነጋገር መለወጥ ይፈቀድ እንደሆነ። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ስትዘለል ነው ደራሲውና ክበቡ የሚቀያየሙት።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተውኔት ጽሑፍ ግርጌ አራት መስመር ብትጨምሩልን፦ የተዋናይ ብዛት ከወንድና ከሴት፣ ርዝመቱ በደቂቃ፣ የመቼቱ ብዛት፣ ጽሑፉ ታትሞ ከሆነም የሚገኝበት ቦታ። የደራሲው ስልክ ጋዜጣ ላይ ይውጣ አንልም። ፈቃድ ለመጠየቅ ለእናንተ ስንጽፍ ደብዳቤያችንን ለደራሲው ብታደርሱልን ይበቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቴአትር ወዳጆች፣ ከጎንደር