«የሮማ» ብሎ መለጠፍ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቸርችል ጎዳና ባሉ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች፣ ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን «የሮማ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ነሐስ አልፎ አልፎ ይታያል። የገዛውም ሰው ያንኑ ወረቀት እንደያዘ ያስቀምጠዋል። ሸፍተው የነገሡ የሮማ አዛዦች ሳንቲም ሲሆን ግን ይህ አመዳደብ ዋናውን ነገር ይደፍነዋል።

የሸፈተ አዛዥ በራሱ መልክና ስም ገንዘብ አስቀርጾ ለወታደሩ ይከፍል ነበር፤ ሳንቲሙ ደመወዝም አዋጅም ነው። ለምሳሌ በጋሊያ (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ሸፍቶ የነገሠው ዳግማዊ ዶሚቲያኑስ በሳንቲም የሚታወቀው በሁለት ብቻ ነው። በ1900 ፈረንሳይ የተገኘው ለረጅም ጊዜ ፎርጅድ ሲባል ኖሮ፣ በ2003 እንግሊዝ ሁለተኛው ሲገኝ ተቀባይነት አገኘ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሸፍቶ የነገሠው ሰው ያስተዳደረው አገር፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ከዚያ ሳንቲሙ የተቀረጸበት ከተማ ይጻፍ። የከተማው ምልክት ካለ በጀርባው፣ ከሥዕሉ እግር በታች ይፈለጋል፤ በጋሊያ ሸፍቶ በነገሠው በፖስቱሙስና በተከታዮቹ ሳንቲሞች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ክብደቱን የወርቅ ቤት ሚዛን ይነግራችኋል፤ ስፋቱ በሚሊሜትር ይለካ።

ከ286 እስከ 293 ብሪታኒያን የያዘው ካራውሲየስ አጉሊ መነጽር ይጠይቃል። በሳንቲሙ ጀርባ «ፓክስ አውግ» (በላቲን PAX AVG፣ «የንጉሠ ነገሥቱ ሰላም» ማለት) የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አለ። የመጨረሻዋ የላቲን «ጂ» አንድ ከሆነች የአንድ ንጉሥ ሰላም ነው። ሦስት ጊዜ ከተደጋገመች ግን፣ በስንክሳር የምናውቀውን ዲዮቅልጥያኖስንና አብሮት የነገሠውን ማክሲሚያንን ጨምሮ ራሱን ሦስተኛ ማድረጉ ነው። እነርሱ አልተቀበሉትም እንጂ! እንግዲህ ሁለቱን ሳንቲሞች በአንድ የሳንቲም ማስቀመጫ ኪስ መክተት ትልቅ ጥፋት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ደግሞ በአሮጌ ሳንቲም ላይ የተመቱ ስለሆኑ፣ ከሥር የሌላ ንጉሥ ፊደል ብቅ ቢል ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ከፖስቱሙስ ተከታዮች የመጨረሻው የሆነውና በ274 እጁን የሰጠው ቴትሪኩስ ሌላ ጣጣ አለው። በስሙ የተሠራው የመንደር ቅጂ ብዛት የትየለሌ ነው። ዋናው ወደ 18 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ቅጂው ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ፊደሉም የተምታታ ጭረት ነው። ይህ የዘመኑ ቅጂ ራሱን የቻለ ክፍል ይገባዋል፤ ከዛሬ ፎርጅድ ጋር አይቀላቀልም። የዛሬው ብዙውን ጊዜ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፦ ጠርዙን ዙሪያውን የሚከብ ስፌት፣ ገጹ ላይ የአየር ቀዳዳ፣ እንደ ሳሙና የሟሟ ፊደል ይታይበታል። ጠርዝ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን አያስደንግጣችሁ፤ በመዶሻ ሲመታ የሚመጣ ነው።

ለእኛ አንባቢ በጣም የሚቀርበው በጋሊያ ሸፍቶ የነገሠው ማግኔንቲየስ ይመስለኛል (ከ350 እስከ 353)። በሳንቲሙ ላይ ባለው መልኩ ብዙውን ጊዜ ዘውድ አልደፋም። በ353 ትልቅ ነሐሱ ጀርባ የክርስቶስ ስም ምልክት በአልፋና በኦሜጋ መካከል ሞልቶ ይታያል። ያሸነፈው ዳግማዊ ቆንስጣንጥዮስ ደግሞ ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ነው። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን አትናቴዎስ፣ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ለማግኔንቲየስ ጽፈሃል ከሚል ክስ ራሱን ይከላከላል። የአክሱምን ታሪክ የሚወድ ሰብሳቢ ከዚህ ሳንቲም ቢጀምር አይቆጭም።

ስለ አክሱም ከተነሣ፣ የግሪክ ፊደል ያየ ሁሉ «ሮማ» ይላል። የንጉሡን መልክ ከግራና ከቀኝ የእህል ዘለላ ካቀፈው፣ ወይም በትንሽ መዳብ መካከል የወርቅ ቅብ ያለበት መስቀል ካለ፣ የአገራችን ነው። ያኔ ጉዳዩ የአመዳደብ ብቻ አይሆንም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚጠበቅ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

በሎሚ፣ በአመድ ወይም በበረኪና የሚያጥቡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ሎሚው ለዘመናት የተጋገረውን መከላከያ ልባስ ይገፈዋል፤ የበረኪናው ክሎሪን ነሐሱን ከውስጥ ይበላዋል። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ካያችሁ ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለዩት፤ በዲስትልድ ውሃ ነክራችሁ ውሃውን በየጊዜው ቀይሩ፤ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ኪስ አትመልሱት። ኪሱም የወረቀት ይሁን፤ ለስላሳው ላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ይተፋበታል።

አንድ የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ