የምስጋና መልእክት፦ 12 ሳምንት ከብርድ ልብስ ውስጥ ላወጣችሁን ሁሉ

ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት እስከ ታኅሣሥ መባቻ የዘለቀው የማራቶን ዝግጅታችን የመጀመሪያ ምዕራፍ ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ በሰላም ተጠናቋል። ለዚህ ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

ውድድሩ ገና ነው፤ ሜዳሊያም ፎቶም የለም። ታዲያ ምኑ ያስመሰግናል ለምትሉ፣ ሩጫ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ውድድር ሲቃረብ ሰውን መቀስቀስ አያስቸግርም፤ ፍርሃቱ ራሱ ያስነሳዋል። ክረምቱን አርፎ የከረመን ሰውነት፣ ውድድሩ ወራት ሲቀሩት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚያስነሳው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህ መልእክት ለእነዚያ ሰዎች ነው።

በቅድሚያ ለጋሼ፣ ለሚኒባሱ ሹፌር። መኪናው ከሽሮ ሜዳ የሚነሳው 11 ሰዓት ከ45 ላይ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይጠብቁም። ጭካኔ የመሰለው ሰው አይጠፋም። ዛሬ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ከተጠበቀ ግን ነገ ሁሉም አምስት ደቂቃ አርፍዶ ይመጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ የሚረፍድበት ይበዛል፤ ሥራ የረፈደበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሰርዘው ልምምዱን ነው። ከዚያ ሰዓት ቀድሞ መውጣትም አያዋጣም። 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስኪነጋ ድረስ ጫካው የጅብ ነው። የወሩን ሒሳብ አስቀድመው መቀበልዎም ብልሃት ነበር፤ ከፍሎ የተኛ ሰው እንቅልፉ አይጥመውም። የኋላ ወንበር ላይ ስም ጽፈው የደረደሯቸው ፌስታሎችስ? ደረቅ ካናቴራና ፎጣ፣ ሌላ ምንም። በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ቢሮ የገባ ሰው፣ ለማግሥቱ መቅረት ምክንያት አያጣም።

ከፊት ሆኖ ላዘገየን ወንድማችን። አዎ፣ ስላዘገየን ነው የምናመሰግነው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ቀላል ሩጫ ላይ መሪውን ማንም አይቀድምም። መለኪያውም ሰላምታ ነው፦ «እንዴት አደርክ፣ ቤት ደህና ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው» ሳይቆራረጥ መባባል ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ «ቤት» ላይ ትንፋሽ ካጠረ ይቀነሳል። እዚያ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሲሶ ገደማ ያንሳል። ከተማ ውስጥ ኪሎ ሜትሩን በ5:30 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ጫካ ውስጥ ሰዓቱ ላይ 6:30 ሲያይ «ኮንዲሽኔ ሞቷል» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ደግሞ እልህ ይዞት ራሱን ይጨርሳል። ስለዚህ ሰዓት በእጅጌ ተሸፍኖ፣ በኪሎ ሜትር ፋንታ በደቂቃ ብቻ ተሮጠ። በባሕር ዛፎቹ መሃል ዚግዛግ እየሠራ፣ ሥርና ጉድጓድ ሲያጋጥመው ጣቱን እያጮኸ ወደ መሬት እያመለከተ ሲመራ፣ ከኋላ ያለው ሥራ የፊተኛውን ተረከዝ ማየት ብቻ ይሆናል። ሃምሳ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አይታወቅም።

መዝገብ ለያዘችልን እህታችን። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ረጅሙ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እረፍት፤ እሁድ ቅዳሴ አለ። የቅዳሜው ደቂቃ በመዝገቧ እንዲህ ይነበባል፦ 60፣ 70፣ 80፣ 60፤ ከዚያ 80፣ 90፣ 100፣ 75፤ ከዚያ 100፣ 110፣ 120፣ 90። በየአራተኛው ሳምንት ሩቡ የሚቀነሰው ለስንፍና አይደለም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው የሚመጣው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሩጫው ሲቀል ነው፤ ያኔ ሰው በራሱ ጊዜ አስፋልት ላይ ሌላ ሩጫ ይጨምርና ቅልጥሙን ይይዘዋል። እሷም ጠዋት ጠዋት «የት ነው የሚያምህ? በአንድ ጣት አሳየኝ» ትላለች። ጡንቻው በሰፊው የሚያምና ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ቀንሶ መቀጠል ይቻላል። አጥንቱ ላይ አንድ ነጥብ ከተነካና እየሮጡ ሲሄዱ ከባሰ ግን በዚያው ቆሞ ሐኪም ጋ ነው።

የልብ ምቱም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። ከአልጋ ሳይነሱ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት፤ ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከጨመረ የማክሰኞው ዳገት ቀርቶ ቀላል ሩጫ ይሆናል። (ዳገቱ ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አልተጀመረም፤ 30 ሰከንድ ወደ ላይ፣ በእርምጃ ወደ ታች፣ ስምንት ጊዜ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ጀማሪ አይታመን።) ሞራሉ የወደቀ ሰው ጋ ስትደውል ደግሞ ምክር አትሰጥም። «ጫማህን እሰር፣ አሥር ደቂቃ ሩጥ፣ ካልጣመህ ተመለስ» ትላለች። የሚከብደው ጫማ ማሰሩ ስለሆነ አሥር ደቂቃ የሮጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ለእማማ፣ ከጫካው መግቢያ ሻይ ለሚሸጡት። በሶውን በደረቁ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን ስንንጥ ሲጓጉል አይተው፣ መጀመሪያ በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ ማሸት፣ ቀጥሎ ማቅጠን እንደሚገባ ያሳዩን እርስዎ ነዎት። ሁለት ሙሉ ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ ማር፣ ቁንጥር ጨው፤ ረጅሙ ሩጫ ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ሻዩን ከቁርስ ጋር አንሰጥም ማለትዎ ለገበያዎ ባይጠቅምም ለደማችን ጠቅሟል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምስርና ከሽሮ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሰዋል፤ ደም ያነሰው ሯጭ ደግሞ ድካሙን የስንፍና አድርጎ ራሱን ይወቅሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ችግሩ ይቀላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ሱፍ ፍትፍቱንና ተልባውን ስላላቋረጡብንም እግዜር ይስጥልን።

ሽሮ ሜዳ ላለው ጫማ ሰፊ። በመስከረሙ ጭቃ የራሰ ጫማ በጋዜጣ ተጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ምድጃ አጠገብ ከዋለ ማስቲሹ ይለቃል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ እያየ «ይሄ ወደ ውስጥ ተጋድሟል፣ አልሰፋልህም» ብሎ ገንዘብ የመለሰበት ቀን ጉልበት አድኗል።

ኅዳር ላይ አስቸጋሪ ሳምንታት ነበሩ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከመስቀል አደባባይ ሲነሳ፣ ዘጠነኛ አሥረኛ ሳምንት ላይ ያለ ሰው እግሩ ይበላዋል። 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈራችሁ ሩጡት፣ አትወዳደሩበት ላሉን አሠልጣኝ ምስጋና ይድረስዎ፤ በሙሉ ኃይል የሮጠ ሰው በዚያው ሳምንት የሚጠብቀውን 110 ደቂቃ አያገኘውም። ኅዳር 12 ጠዋትም ከተማው ሲታጠን ልምምዱን ወደ ማግሥቱ ማዞርዎ ትክክል ነበር፤ ያንን ጭስ እየሳቡ መሮጥ ጥቅም የለውም።

የውድድር ምዝገባ ሳታገኙ ከእኛ እኩል የተነሳችሁ ደግሞ አላችሁ። ታምራት ቶላ ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ገብቶ በ2:06:26 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። የጠራው ሰው ሲደውል ሰውነቱ ዝግጁ ነበር። እናንተን እያየን መቅረት አፍረናል።

በመጨረሻም በጠባቡ መንገድ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች። መንገድ ስትለቁልን ከርማችኋል፤ መልቀቅ የነበረብን እኛ ነን፣ ይቅርታ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መሪው ሸክም ሲያይ ጣቱን ያጮኻል፣ ሰልፉ በሙሉ ወደ ጎን ይወጣል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሰኞ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ይጀምራል። እማማ፣ አራት ኩባያዎችዎ ሚኒባሱ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ታጥበው ይመጣሉ።

የልምምድ ቡድኑ አባላት