ስለ ባድሻህ ካን ያልተጻፈው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ሕንድ የነጻነት ትግል ባወጣችሁት ጽሑፍ ማህተመ ጋንዲ የሚገባቸውን ቦታ አግኝተዋል። ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የታቀፍነው በስማቸው በተሰየመው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በመሆኑ፣ ስማቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይሁንና ጸሐፊው በማጠቃለያቸው፣ ሰላማዊ ትግል በሕንድ የሠመረው ሕዝቡ በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ጠመንጃ የለመደና ደም የሚቃባ ሕዝብ ግን አይችለውም ማለታቸውን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህንኑ አባባል ተማሪዎቼም ደጋግመው ያነሡብኝ ነበርና፣ መልስ ስሰጥ ሁልጊዜ የምጠራው የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ካን አብዱል ጋፋር ካን፣ ወገኖቻቸው ባድሻህ ካን የሚሏቸው።

እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 ያኔ በእንግሊዝ ሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን ካለችው ከፔሻዋር ከተማ ብዙም በማትርቀው በኡትማንዛይ መንደር ከባለርስት ቤተሰብ ተወለዱ። ሕዝባቸው ፓሽቱን ነው፤ በፓሽቱኖች ወግ ደግሞ ባዳል የሚሉት ደም የመመለስ ግዴታ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። እኔም ባደግሁበት ገጠር ደመኛውን እየፈራ ጠመንጃ አንግቶ የሚያርስ ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁና፣ እንዲህ ያለውን ሰው «መሣሪያህን አስቀምጥ፣ ደምህን ተው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ባድሻህ ካን ግን ይህንኑ ብለው ተሰሙ።

ሥራቸውን የጀመሩት በሰልፍ ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። በ1910 በመንደራቸው የመጀመሪያውን ከፈቱ፤ ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሕንድ የተመለሱት ከዚያ 5 ዓመት ቆይተው ስለሆነ፣ ባድሻህ ካንን የጋንዲ ጥላ ብቻ አድርጎ ማየት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በ1921 በትምህርት ቤት ሥራቸው ምክንያት የ3 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደባቸው። በ1929 ደግሞ «የአምላክ አገልጋዮች» የሚል ትርጉም ያለውን ኩዳይ ኪድማትጋር አቋቋሙ። አባል የሚሆን ሁሉ አምላክ አገልግሎት ስለማያሻው ፍጡሩን አገለግላለሁ፣ በቀል አልፈልግም፣ የጨቆነኝን ይቅር እላለሁ፣ በየቀኑም ቢያንስ 2 ሰዓት ለሕዝብ ሥራ አውላለሁ ብሎ ይምል ነበር። ለፓሽቱን ቃል መስጠት ቀላል ነገር አይደለምና፣ ደም ያስመልስ የነበረው ያው የክብር ስሜት አሁን መሐላውን ማስጠበቂያ ሆነ። ባድሻህ ካን ይህን ትምህርት ከውጭ የመጣ አላደረጉትም፤ የነቢዩ መሣሪያ ትዕግሥትና ጽድቅ ነው እያሉ በራሳቸው እምነት ላይ ተከሉት። አባላቱ ነጭ ልብሳቸው ቶሎ እየቆሸሸ ስላስቸገራቸው፣ ቆዳ በሚለፋበት ስፍራ እየነከሩ የጡብ ቀለም አስያዙት። «ቀይ ለባሾች» የሚለው ስማቸው የመጣው ከዚህ ነው።

ሚያዝያ 1930 ጋንዲ ከባሕር ዳር ጨው በማንሣት የእንግሊዞችን የጨው ሕግ በጣሱበት ሰሞን ባድሻህ ካን ታሰሩ፤ ሕዝቡም በፔሻዋሩ ቂሳ ክዋኒ ገበያ ተሰበሰበ። የእንግሊዝ ጦር ተኮሰ። የፊተኞቹ ሲወድቁ የኋለኞቹ ወደ ፊት እየወጡ ተተኩ። ሟቾቹ በመንግሥት ቆጠራ በአሥሮች፣ በሕዝቡ ዘንድ ግን በመቶዎች ይቆጠራሉ። በዚያው ሰሞን የጋርዋል ክፍለ ጦር ወታደሮች ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ አንተኩስም ብለው ትእዛዝ በመጣሳቸው በጦር ፍርድ ቤት ከባድ ቅጣት ተቀበሉ። ወታደሮቹ ሂንዱዎች፣ ሰልፈኞቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ ልብ ይሏል። ይህን ያየ ሰው ሰላማዊ ትግል የለስላሳ ሕዝብ ጠባይ ነው ሊል እንዴት ይችላል?

ሌላው ቅሬታዬ ጽሑፉ ታሪኩን በ1947 መዝጋቱ ነው። ባድሻህ ካን ሕንድ ለሕንድና ለፓኪስታን መከፈሏን እስከ መጨረሻው ተቃወሙ፤ የነጻነት ትግሉን ይመራ የነበረው ኮንግረስ ፓርቲ ክፍፍሉን ሲቀበል «ለተኩላዎች ጣላችሁን» ማለታቸው ይታወቃል። ፓኪስታን ከተመሠረተች በኋላም የፓሽቱኖችን መብት በመጠየቃቸው ደጋግመው ታሰሩ፤ በእንግሊዝና በፓኪስታን መንግሥታት ወኅኒ ያሳለፉት ሲደመር ከዕድሜያቸው ሲሶ ያህል ነው። ነጻነት ያመጣ ሰው በነጻይቱ አገር እስረኛ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከታሪካቸው ሁሉ ይበልጥ የሚያመኝ ነው። ያም ሆኖ መሐላቸውን አላፈረሱም። ጥር 1988 በፔሻዋር ሲያርፉ፣ በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው ድንበር ተሻግሮ በአፍጋኒስታኗ ጃላላባድ እንዲቀበር፣ እዚያ ይዋጉ የነበሩት ወገኖች ለጊዜው ተኩስ አቁመዋል። ከቀብሩ አቅራቢያ ግን ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በቀጣይ እትሞቹ ለባድሻህ ካን የራሳቸውን ሙሉ ገጽ እንዲሰጥ፣ ጸሐፊውም ስለ ጠመንጃ ለማጅ ሕዝቦች የሰነዘሩትን ፍርድ ከፔሻዋር ታሪክ ጋር አስተያይተው እንደገና እንዲመረምሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ