የቡና ለቃሚዎቹ ታሪክ ካርቶን ውስጥ ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

ክቡር ኃላፊ፣

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠራተኛ ታሪክ ሲያጠኑ ኖረው አልፈዋል። ደብተሮቻቸው፣ ካሴቶቻቸው፣ የድሮ የደመወዝ መክፈያ ቅጂዎችና ደብዳቤዎች በካርቶን ተሞልተው ሰርቪስ ቤት ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ በነጻ ልስጥ ብሏል። ተቀባይ ግን ጠፋ።

ስለ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ሲወራ የሚነሳው የታወቀ ነው። የድሬዳዋ ባቡር፣ የወንጂ ስኳር፣ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ የየካቲት 1966ቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ። ትልቅ ታሪክ ነው፣ አልክድም። ቡና ለቃሚውስ? ከዳውሮና ከከምባታ ለአንድ ወቅት መጥቶ፣ ሊሙና ጎማ ለቅሞ የሚመለስ ሰው ቃለ ጉባኤ የለውም። ስሙ መዝገብ ላይ ከተገኘ ዕድለኛ ነው። መጋዘን ቁጭ ብለው ቡና የሚለቅሙት ሴቶችማ ጭራሽ አይነሱም። አጎቴ እየዞሩ ያነጋገሩት እነዚህን ነው። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ትልልቆቹ የግል የቡና እርሻዎች ወደ መንግሥት ሲዞሩ ለለቃሚው ምን ተለወጠለት? ራሱን ጠይቀውታል። መልሱ ካሴቱ ላይ አለ።

አንድ ተቋም አይቶት «ዋና ዋናውን መርጣችሁ አምጡ» አለን። ቦታ ስለጠበባቸው ነው፣ አልተቀየምንም። ግን ዋናው የቱ ነው? ካሴቱ ላይ «ያቺ ሴትዮ» የተባለችው ማን እንደሆነች የሚነግረን ደብተሩ ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሒሳብ የሚገባን ደግሞ የደመወዝ መክፈያው አጠገቡ ሲኖር ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰነድ ባለቤቱ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል ይቆያል፣ ከሌላ ሰው ወረቀትም ጋር አይደባለቅም።

አምስተርዳም ውስጥ ለሠራተኛ ታሪክ ሰነዶች ተብሎ በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ትልቅ ተቋም አለ፤ የማርክስ የእጅ ጽሑፎች ሳይቀሩ እዚያ ናቸው። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። የአባ ጅፋር ዕቃዎች በክብር በተቀመጡበት ከተማ አንድ ደረቅ ክፍልና መደርደሪያ ይበቃናል። ካሴቶቹን ግን ቶሎ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ቴፕ ዕድሜ የለውም።

ሁሉም ነገ ኢንተርኔት ላይ ይጫን ማለቴም አይደለም። በደርግ ጊዜ «ስሜ እንዳይወጣ» ብለው የተናገሩ ሰዎች አሉበት። ማን ምን ያያል የሚለውን ከቤተሰቡ ጋር በጽሑፍ እንዋዋል። ካርቶኖቹ አዲስ አበባ ይሂዱ የሚሉንም አሉ። አጎቴ የመዘገቧቸው ሰዎች ልጆች ግን እዚሁ አጋሮና ሊሙ ናቸው፤ የአባታቸውን ድምፅ ለመስማት ስንት ብር ይክፈሉ?

የጅማን ዝናብ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሰርቪስ ቤቱ ያፈሳል፣ ምስጥም ጀምሮታል። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ባለሙያ ልከው ያሳዩልን። የምትረከቡ ከሆነ በደብዳቤ አሳውቁን፤ የማትረከቡም ከሆነ እንዲሁ በደብዳቤ ንገሩን፣ ሌላ በር እናንኳኳለን።

ከአክብሮት ጋር
የእህታቸው ልጅ፣ ጅማ