ለአሰልጣኝህ መልስ ከመስጠትህ በፊት

ውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ማታ እህትህ የነገረችን ግን እናትህንም እኔንም እንቅልፍ ነሥቶናል። አሰልጣኝህ በአሜሪካን ፉትቦል ቡድንህ ከኳርተርባክነት፣ ማለትም ከኳስ ወርዋሪነት፣ ወደ ሪሲቨርነት፣ ማለትም ወደ ቀላቢነት፣ ሊያዛውርህ ፈልጎ እስከ ዓርብ መልስህን እንደሚጠብቅ፣ አንተም ዕቃህን ሸክፈህ ልትመለስ እንደምትዝት ሰማን። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ በቁጣ መልስ አትስጥ።

ቅር መሰኘትህ ይገባኛል። ከዘጠኝ ዓመትህ ጀምሮ ወርዋሪው አንተ ነበርህ፤ በጓሮአችን ጣቴ እስኪያብጥ የቀለብሁልህም እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ክፍልህ ገብቼ ግድግዳው ላይ በለጠፍኸው በጁሊያን ኤደልማን ፎቶ ፊት ቆሜ ነበር። ታሪኩን ያስተማርኸኝ አንተ ስለሆንህ መልሼ ላስታውስህ። ኤደልማን በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኳስ ይዞ በመሮጥ ብቻ 1,370 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሸፍኗል። ሆኖም የሊጉ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት በ2009 ድራፍት ከ256 ተመራጮች 232ኛ ሆኖ በመጨረሻው ዙር ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሲወስደው፣ የወሰደው እንዲወረውር ሳይሆን እንዲቀልብ ነበር። አዲሱን ቦታ ከፊደል ጀምሮ ተማረው፤ በ2011 ሲጠየቅ በተከላካይነትም ተሰለፈ። በአምስተኛው ዓመቱ በ2013 105 ኳስ ቀልቦ 1,056 ያርድ አስመዘገበ። በየካቲት 2019 በአትላንታ ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ራምስን 13 ለ 3 ባሸነፈበት በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ደግሞ 10 ኳስ ለ141 ያርድ ቀልቦ የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

እኔ ግን አብልጬ የማስታውሰው በጥር 2015 ከባልቲሞር ሬቨንስ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ ብራዲ ኳሷን ለኤደልማን ሲያቀብል ይሮጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ቆም ብሎ 51 ያርድ አሻግሮ ለቡድን ጓደኛው ለአሜንዶላ ወረወረ፤ ውጤቱም 28 ለ 28 ሆነ። በሊጉ የመጀመሪያ ውርወራው ነበር። «አባዬ፣ አልረሳውም!» ብለህ ሶፋው ላይ የዘለልኸው አንተ ነህ።

የእኔን ታሪክ እናትህ በግማሹ ነግራህ ይሆናል። ደሴ 14 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ እዚህ እንደመጣሁ፣ አንድ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ጀምሬ፣ ማታ ማታ እየተማርሁ የማስተማር ፈቃዱን እንዳወጣ ጠይቆኝ ነበር። በሰሌዳ ፊት የኖርሁ ሰው የሌላ መምህር ወረቀት አላድልም ብዬ፣ እዚያው በቆምሁበት እንቢ አልሁ። በቁጣ ነበር የመለስሁት። ታክሲው አሳድጎናልና አላማርረውም፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት በር ተሳፋሪ ባወረድሁ ቁጥር ደወሉ እስኪደወል ሳልነቃነቅ የምቆይበት ቀን አለ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ተቀበል ብዬ አላስገድድህም። እንቢ ማለትም መብትህ ነው፤ ብቻ በቁጣ አይሁን። መጀመሪያ ስኮላርሺፕህ እንደማይነካ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ስንት ወር ልምምድ እንደሚሰጥህ፣ ማን እንደሚያሠለጥንህም ጠይቅና ጻፈው። ኤደልማንን በሁሉም አትከተል፤ በ2018 በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት አራት ጨዋታ ታግዷልና፣ የቡድኑን ሐኪም ሳታማክር ኪኒንም ሆነ ዱቄት በአፍህ እንዳታደርግ። ጉልበትህንም ሲያምህ አትደብቅ፤ እርሱ የ2017ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ያጣው በጉልበቱ ነው።

እናትህ በሶና ድርቆሽ ልካልሃለች፤ ሐሙስ ይደርስሃል። ያን ዕለት ማታ፣ ለአሰልጣኙ ከመናገርህ በፊት ደውልልኝ፤ ተሳፋሪ ቢኖርም ዳር ይዤ አነሳዋለሁ። የጓሮዋን ኳስ ነፍቼ አስቀምጫታለሁ። ለዕረፍት ስትመጣ እኔ እወረውራለሁ፣ አንተ ትቀልባለህ።

አባትህ