40 አምፔር ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ የብረታ ብረት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት መስመር ግን አላስተኛችኝም። «ፕላዝማ መቁረጫ ማለት ኮምፕሬሰር የተጨመረበት የብየዳ ማሽን ነው» ትላለች፤ ብረትን በኤሌክትሪክ ነበልባልና በአየር ግፊት የሚቆርጠውን ማሽን ማለቷ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስል ነበር፤ ማሽኔን እስካቃጥል ድረስ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላሜራ በግራይንደር ስንቆርጥ ጆሯችን ደንቁሮ፣ ኪሳችንም ዲስክ በመግዛት ተራቁቶ ነበርና 40 አምፔር የሚል ትንሽ ፕላዝማ ገዛሁ። 6 ሚሊ ላሜራ እንደ ጨርቅ ሲቀደው ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። በሦስተኛው ሳምንት የግቢ በር ልንሠራ ወደ ደንበኛ ቤት ይዘነው ሄድን፤ መሰኪያው ሩቅ ስለነበር 30 ሜትር ቀጭን ኤክስቴንሽን እንደተጠቀለለ ሰካንና ሁለት መስመር እንደቆረጥን «ጧ!» ብሎ ጸጥ አለ። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሻጩ ነው፣ ፎርጅድ ሸጥክልኝ ብዬ ልጣላው። ደግነቱ መንገድ ላይ አንድ የቆዩ ኤሌክትሪሽያን አገኘሁና ከፍተው አዩልኝ። «ጥፋቱ የገመድህ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያታለለን 40 የሚለው ቁጥር ነው። የብየዳ ማሽናችን 100 አምፔር ላይ እየሠራ ያለ ችግር ስለሚሄድ 40 ለእኛ ቀልድ ነበር። ግን 100 አምፔር ላይ ስንበይድ አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ነበልባል) ላይ ያለው 24 ቮልት ገደማ ነው፤ ቢባዛ 2.4 ኪሎዋት ይሆናል። ፕላዝማው በ40 አምፔር ሲቆርጥ ቮልቱ ወደ 100 ይጠጋል፣ ስለዚህ 4 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር በኖዝሉ (በመቁረጫው አፍ) ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ አርኩን እያጠበበ ስለሚገፋው ያን ለመግፋት ቮልት ይፈልጋል። ከመቁረጡ በፊት ማሽኑ ባዶውን የሚያወጣው ደግሞ በብዙዎቹ ከ200 ቮልት ይበልጣል፣ የብየዳው ግን 60 ወይ 80 ነው። ስለዚህ በረጠበ ጫማ ችቦውን (በእጅ የሚያዘውን መቁረጫ) ፈትቶ መነካካት ጨዋታ አይደለም።

ውስጡስ እንዴት ነው የሚሠራው? ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሲ ነው። ማሽኑ ያንን በዳዮድ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ) ይቀይርና ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ያከማቸዋል፤ እዚያ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ትራንዚስተሮች (ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ይህን ዲሲ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ለምን ይህ ሁሉ ድካም ቢባል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቱን የሚቀይረው ትራንስፎርመር ያንሳል። ውኃ በበርሜል መሸከም ትቶ በጣሳ በሩጫ መመላለስ እንደማለት ነው። የድሮው ፕላዝማ ሁለት ሰው ሲታገልለት የዛሬው በአንድ እጅ የሚነሳው ለዚህ ነው። ትራንስፎርመሩን ያለፈው ኤሌክትሪክ እንደገና ዲሲ ሆኖ በአንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ እየተስተካከለ ይወጣል፤ ኔጋቲቩ ችቦው ውስጥ ወዳለው ኤሌክትሮድ፣ ፖዘቲቩ በማሳው (ላሜራው ላይ በሚታሰረው መያዣ) በኩል ወደ ላሜራው። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥና ችቦው ከብረቱ ቢርቅ ቮልቱ ይጨምራል እንጂ አምፔሩ እንዳለ ይቆያል። ማሽኑ ዋናው ሥራው አምፔሩን መጠበቅ ነውና።

ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ የምትታየው ትንሽ ነበልባል ደግሞ በኤሌክትሮዱና በኖዝሉ መካከል የምትነሳ ማስጀመሪያ ናት። አየሩ ወደ ውጭ ይገፋታል፣ ብረቱን ስትነካ ዋናው አርክ ይያዛል። ማሳው በቀለም ወይም በዝገት ላይ ከታሰረ ትንሿ ብቻ ትንጣጣለች፣ መቁረጥ የለም።

አሁን ወደ ገመዴ ልመለስ። ይህ ማሽን ሲቆርጥ ከግድግዳ 25 አምፔር ገደማ ይስባል። የእኔ ኤክስቴንሽን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነበር፤ በ30 ሜትር ላይ መሄጃና መመለሻው ሲደመር ወደ 18 ቮልት ይበላል፣ እንደተጠቀለለ ደግሞ ከ400 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል፣ ምድጃ ማለት ነው። የሰፈሩ መብራት ያን ቀን ደካማ ነበር፤ ከደካማው ላይ 18 ሲቀነስ ማሽኑ ሥራውን ለመጨረስ አምፔሩን ጨምሮ ሳበ። ኢንቨርተር (እንዲህ ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ የሚሠራ ማሽን) ተንኮሉ ይሄ ነው። ቮልት ሲቀንስበት እንደ አምፖል ደብዝዞ አይቀመጥም፣ የጎደለውን በአምፔር ሊሞላ ይታገላል። ትራንዚስተሮቹ እስኪግሉ፣ ከዚያም እስከ «ጧ!»

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ለደቂቃዎች ያን 310 ቮልት ሊይዙ ይችላሉ። እኒያ ኤሌክትሪሽያን ክዳኑን ካነሱ በኋላ ቴስተር ሳያስነኩ ጣታቸውን አላስገቡም። የእኛ ልጆች ግን ማሽኑ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚያነሱት ካቻቪቴ ነው። አለማማጆች እባካችሁ ተቆጡ።

ሻጮችንም ልለምን። ካርቶኑ ላይ 40 አምፔር ብላችሁ ከማውጣታችሁ ጋር ከግድግዳ ስንት አምፔር እንደሚስብና ስንት ካሬ ሚሊ ሽቦ እንደሚፈልግ ለገዢው ንገሩ። እኔ አሁን 6 ካሬ ሚሊ ሽቦ በራሱ ብሬከር አስዘርግቻለሁ፣ ደንበኛ ቤት ስሄድም ቆጣሪውን ሳላይ ዋጋ አልናገርም። ጥገናው የወር ኪራዬን ነው የበላው። ሻጩን ግን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አልሰደብኩትም ነበር፣ ልሰድበው ግን መንገድ ጀምሬ ነበርና።

አክባሪያችሁ፣
አንድ በያጅ፣ ከአዲስ አበባ